የገዘተውን ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም

ሰኞ፣ ንጋት፣ ቦሌ

አውሮፕላን ማረፊያው የደረስሁት ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ባለታክሲው ነጭ በነጭ ለብሼ ስላየኝ «መመንኮስሽ ነው እንዴ፣ እህቴ?» ብሎ ቀለደብኝ። «ለመመንኮስ ዕድሜና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ዕድሜውስ እየመጣ ነው» አልሁት። ሳቀ። እኔ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ፓስፖርቴን በየደቂቃው እዳብሳለሁ።

ደርግ ከወደቀ ይህ ሁለተኛው ፋሲካ ነው። ሌሎቹ ተሳላሚዎች ሆሳዕናን እዚያ ለማክበር ባለፈው ሳምንት ሄደዋል። የእኔ ቪዛ ዘገየና ብቻዬን ቀረሁ። ለነገሩ የምሄደው ለመሳለም ብቻ አይደለም። የምሄደው አንድ መነኩሴ ፍለጋ ነው። ካገኘኋቸው እናቴ ቆርባ ትሞታለች። ካላገኘኋቸው ሳትቆርብ ትሞታለች። ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ ነግሮናል፤ ቀን ግን አልነገረንም።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ዓይኔን ጨፈንሁ። አስተናጋጇ ቁርስ ስታመጣ ጾም መሆኑን ነገርኋት፤ እውነቱን ለመናገር ባይጾምም አይወርድልኝም ነበር።

ታሪኩን ለአንባቢ እዚሁ ልንገር፣ ሰማይ ላይ ሌላ ሥራ የለኝምና። እኔ ሕፃን ሳለሁ ጃንሆይ የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዲስ ግብር አወጡ። ጎጃም ሲገብር የኖረ አገር ነው፤ የጠላው ገማቹን ነው። ገማች ማለት ከወረዳ ተልኮ መጥቶ እርሻህን በዓይኑ እያየ «አንተ ይህን ያህል ታመርታለህ» የሚል ሰው ነው። ዛሬ በዓይኑ የገመተ ነገ በገመድ ይለካል፣ የተለካ ርስት ደግሞ የጃንሆይ ይሆናል ተባለ። ወሬው በዚያ አላበቃም። የቤተ ክርስቲያኑ መሬትም ይለካል፣ ካህኑ እንደ ወረዳ ጸሐፊ በደመወዝ ይቀጠራል፣ ጾሙም ሊቀነስ ነው ተባለ። እውነቱን ከውሸቱ የሚለይ አልነበረም፤ አገሩ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ።

የእኛ አጥቢያ ሚካኤል ነው። ቄስ አዳሙ የሚባሉ ወጣት ካህን ነበሩ፤ እሳቸው በደጀ ሰላሙ ቆመው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን አስማሉ። ገማች ያስገባ፣ ያበላ፣ ያጠጣ፣ ግብሩንም የገበረ «ውግዝ ከመ አርዮስ» አሉ። እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ሁሉም «አሜን» አለ። እናቴም ብላለች።

በሳምንቱ አንድ ገማች መጣ። ሕዝቡ በዱላ ሲያባርረው ሮጦ የገባው በእኛ ግቢ ነው። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ እግር ነበር ትላለች እናቴ፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ከጎታ ኋላ ደበቀችው፣ ውሃ ሰጠችው፣ ሲመሽም የእሷን ነጠላ አከናንባ በጓሮ ሸኘችው። ነገሩ ሲታወቅ ቄስ አዳሙ ቤተ ክርስቲያን አስጠርተዋት በሕዝብ ፊት በስሟ ገዘቷት። ከዚያ የጃንሆይ አውሮፕላን መጥቶ አገሩን ደበደበው፣ አገሩም እጁን ሰጥቶ ገባ። ቄስ አዳሙም በዚያው ሰሞን ጠፉ። ቆይቶ ግብሩም ቀረ፣ ጃንሆይም ቀሩ። የእናቴ ግዝት ግን አልቀረም።

ሌላ ካህን አይፈታትም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ይፈታት ነበር። ከማርቆስ የመጡ አንድ ትልቅ አባት «በድያለሁ በይና ልፍታሽ» ብለዋታል። «ለተጠማ ውሃ መስጠት በደል ነው ማለት አልችልም» አለቻቸው። «እንግዲያስ የገዘተሽ ይፍታሽ» ብለው ሄዱ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ስታስቀድስ፣ ሰው ሊቆርብ ሲገባ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀር አይቻለሁ። ይኸው ነው እንግዲህ። አምና ለመሳለም የሄደው ጎረቤታችን አቶ ባዩ፣ ቄስ አዳሙን ኢየሩሳሌም በሚገኘው ገዳማችን በዴር ሡልጣን መንኩሰው አየኋቸው ብሎ መጣ። እናቴ ይህን በሰማች በማግስቱ የጆሮ ወርቋን አውልቃ ለትኬት ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ኢየሩሳሌም

ከአውሮፕላን ማረፊያው የወሰደኝ ሹፌር የወገራ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ራሱ ላይ ትንሽ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ። «በአገሬ አለባቸው ነበርሁ፣ እዚህ አቪ ይሉኛል» አለኝ። ቤተ እስራኤል ነው፤ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ። ኢየሩሳሌም አጠገብ በመንገድ ለቀሩት ወገኖቹ መታሰቢያ መኖሩን፣ ሁለት ወንድሞቹ ከእነሱ ውስጥ መሆናቸውን ዋጋ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነገረኝ። ነፍስ ይማር አልሁ፤ ሌላ ምን ይባላል።

መንገዱ ለስላሳ አስፋልት ነው። መጀመሪያ የብርቱካን እርሻ፣ ቀጥሎ ጥድ የለበሱ ኮረብታዎች፣ በዳር በዳሩ የድሮ ጦርነት የጣላቸው የዛጉ ብረቶች። አለባቸው የመጣሁበትን ሲሰማ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ጎጃም በዚያ ግብር ነው የተነሣችሁት? በገቢ ግብር?»

«በእሱና በሌላውም።»

«እዚህ ማስ ሃክናሳ ይሉታል። በየወሩ ከማስኮሬቴ፣ ከደመወዜ ማለቴ ነው፣ ሳያስፈቅዱ ይቆርጡታል። አንድ ሰው ጫካ አልገባም።» በመስታወቱ አየኝ። «ለነገሩ ጫካውም ጥድ ነው፤ አያስጠጋም።»

ሳቅሁ፤ ከቤት ከወጣሁ መጀመሪያዬ ነው። ከተማው አፋፍ ላይ ወታደሮች መኪና ያስቆማሉ። «ማሕሶም ነው፣ ኬላ፤ አይዞሽ። ሰሞኑን ቢታኾን፣ ጥበቃው ማለቴ ነው፣ ጠንክሯል» አለ። አንዱ ወታደር ፓስፖርቴን ሲያገላብጥ እንደ ጥፋተኛ አቀረቀርሁ። ምን እንዳጠፋሁ እኔም አላውቅም።

የማርፍበት ገዳም ያለባት ኢትዮጵያ ጎዳና ጠባብና ጸጥተኛ ናት፤ ግራ ቀኝ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የዛፍ ጫፍ። በበሩ ስትገባ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከነጥቁር ጉልላቱ ፊት ለፊት ይቆማል። የእንግዳ ክፍል የሰጡኝ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ አጭር፣ ፈጣን መነኩሲት ናቸው። ጉንጫቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ ሸሹ።

«ልጄ፣ ሕማማት አይደለም እንዴ?»

እንደቆምሁ ቀረሁ። በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የለም። መስቀል መሳለም የለም። ካህን «እግዚአብሔር ይፍታ» አይልም፤ ለሞተ ሰው እንኳ የሳምንቱ ፍትሐት የሚደረገው በሆሳዕና ተጠቃሎ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በቪዛና በትኬት ስባክን የምሄድበትን ሳምንት ረሳሁት። «ፍቱልኝ» ለማለት ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ከዓመቱ ሁሉ መፍታት በሌለበት ሳምንት ነው። እማሆይ ምን እንደነካኝ ጠየቁኝ። «ደክሞኝ ነው» አልሁ።

ማክሰኞ፣ ዴር ሡልጣን

እማሆይ መንገዱን አሳዩኝ። በነቢያት ጎዳና ቁልቁል፣ በደማስቆ በር ወደ አሮጌው ከተማ። በሩ ላይ ወታደሮች፣ ከእነሱ ሥር ቲማቲምና የወይን ቅጠል መሬት ላይ የዘረጉ ሴቶች። አንዱ ሻጭ በሰሊጥ የተነሰነሰ ቀለበት ዳቦ በሦስት ሼቅል ሸጠልኝ፤ ለማታ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ሱቆቹ ከቀትር በፊት የብረት መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፤ የዓረቦቹ አድማ ነው አሉኝ። መዝጊያው አንድ በአንድ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ያስደነግጣል። እርምጃዬን አፈጠንሁ።

ዴር ሡልጣን ስወጣ ተራራ እወጣለሁ ብዬ ሳስብ ጣራ ላይ ወጣሁ። የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ነው፤ በላዩ ላይ አባቶቻችን በጭቃና በድንጋይ የሠሯቸው ትንንሽ ጎጆዎች ተደርድረዋል። የሰው ቁመት የማይሞላ በር፣ አረንጓዴ ቀለም፣ በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም። አገር ቤት ያለ የገዳም መንደር አንሥተው ጣራ ላይ ያስቀመጡት ይመስላል።

ቄስ አዳሙን ሳልጠይቅ አወቅኋቸው። አቶ ባዩ «ረዥም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ውሃ የሚያመላልሱ» ብሎኝ ነበር። በሁለት እጃቸው የውሃ ጀሪካን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ። ጢማቸው ነጭ ነው። እጅ ነሣሁ።

«አባ፣ የጎጃም ልጅ ነኝ። ከሚካኤል አጥቢያ።»

ጀሪካኑን አላስቀመጡም። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የወይዘሮ የሻረግ። ማንጠግቦሽ እባላለሁ።»

ያን ጊዜ አስቀመጡት። ውሃው ተንቦጫርቆ ጫማዬን አራሰው። ዓይኔን ሳይሆን ከራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያዩት።

«አለች?»

«አለች፤ ታማለች። ልቧ ነው። እርስዎ እንዲፈቷት ነው የላከችኝ።»

«ሳምንቱ ሕማማት ነው፣ አንች ልጅ። አይባልም።»

«አውቃለሁ። እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ።»

ጀሪካናቸውን አንሥተው ጎንበስ ብለው ጎጇቸው ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ብዙ ቆምሁ። አልወጡም። ፈርተው ነው፣ ጠልተውን ነው፣ ወይስ ረስተውታል እያልሁ እስክመለስ ድረስ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልሁ።

ረቡዕ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና

በገዳሙ ጽሕፈት ቤት ስልክ አቶ ባዩ ቤት ደወልሁ። ብዙ ጠብቄ መስመሩ ተገኘ። ታናሽ ወንድሜን ስሜነህን ጠሩልኝ። እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ፣ እሱ ዘንድ ነው።

«እግሯ አብጧል። ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ ስትጋደም ትንፋሽ ያጥራታል» አለኝ። «አገኘሻቸው?»

«አገኘኋቸው።»

«አሉ?»

«ይፍታሽ አላሉም። ሕማማት ነው።»

«ለካስ!» አለ፤ እሱም ረስቶት ኖሯል። ከዚያ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት እናታችንን በወንበር ተሸክሞ አቶ ባዩ ቤት ሊያመጣት፣ እኔም መነኩሴውን ወደ ስልኩ ላመጣ ተቃጠርን። ስልኩን ስዘጋ ያላሰብሁት ነገር መጣብኝ፤ እምቢ ያሉ ሰው እንዴት ነው የሚመጡት?

ሐሙስ፣ ዴር ሡልጣን

ጸሎተ ሐሙስ ነው። ጣራው ላይ አባቶች እግር ያጥባሉ፣ ጉልባን ይታደላል። ስንዴውና ባቄላው እንደ አገር ቤቱ ነው፤ እኔ ግን ጥርሴ ሲያላምጠው እንጂ ሲጣፍጠኝ አላስታውስም። ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ሲገቡ አየሁ። ቄስ አዳሙ ከካህናቱ ጋር የሉም። ከሕዝቡ ኋላ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር ቆመዋል።

ወደ እሳቸው እየጠቆምሁ እማሆይ ወለተ ሥላሴን በጆሯቸው «ለምን አይቀድሱም?» አልኋቸው።

«ማን? አባ ገብረ ማርያም? እሳቸው ካህን አይደሉም፣ ልጄ። ውሃ ቀጂ ናቸው። ስንት ዘመን አብረን ኖርን፣ ቅስናቸውን ሰምቼ አላውቅም።»

አባ ገብረ ማርያም የምንኩስና ስማቸው መሆኑ ነው። ካህን ካልሆኑ ቃላቸው ምን ያደርጋል? ሰው ሲበተን ጎጇቸው በር ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ፤ በላዬ ካልተራመዱ አይገቡም። መጡ። አዩኝና እሳቸውም ፊት ለፊቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ምንም ሳልጠይቅ ጀመሩ።

«አውሮፕላኑ ሁለተኛ በመጣ ጊዜ የእነ አያሌው ቤት ከነልጆቹ ነደደ። አየሁት። በሌሊት ወደ ጦሩ ሰፈር ወርጄ ለሻለቃው ‹እንገብራለን፣ አውሮፕላኑን አቁምልን› አልሁት። የአጥቢያውን ግብር አስቀድሜ የከፈልሁ እኔ ነኝ። ‹የገበረ ይወገዝ› ያለውም የእኔ አፍ ነው። እንግዲህ በራሴ መስቀል ራሴን ገዘትሁ። ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገባሁም። እናትሽን ባልፈታት ጠልቻት አይደለም። የታሰረ እጅ አይፈታም።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።»

«ለነፍስ አባትዎም?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ላዝንላቸው እንደሚገባ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን አላዘንሁም፤ ተናደድሁ። «እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ስትቀር እርስዎ አፍረው ተደበቁ» አልኋቸው። በሕማማት መነኩሴ ላይ ጮኽሁ። እሳቸው ግን «ልክ ነሽ» ብቻ ነው ያሉኝ፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ዓርብ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና

ቀኑን ሙሉ ስግደት። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በሰው ሞልቷል፤ ከሎድና ከሬሆቮት ከተሞች የመጡ አሉ። ጉልበቴ ከምንጣፉ በተገናኘ ቁጥር የማስበው ስለ ስቅለቱ ሳይሆን ስለ ስልኩ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ወደ ማታ የገዳሙ የነፍስ አባት ወይራ ይዘው ተቀመጡ፤ ሰው ተራ በተራ እየቀረበ ጀርባውን ቸብ ቸብ እየተደረገ ስግደቱን ይቀበላል። ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ገና ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ «አባቴ፣ የራሴን ትቼ የሌላ ሰው ልንገርዎ» አልሁ። የእናቴን ሁሉ፣ የአባ ገብረ ማርያምንም ሁሉ ነገርኋቸው። የሰው ምሥጢር እያወጣሁ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን አላቆምሁም።

ወይራው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን እየሰገደ?» አሉ ለራሳቸው። ቀጥሎ ለእኔ፤ «ራሱን የገዘተን በላዩ ያለ ይፈታዋል። ነገር ግን አስቀድሞ የበደላት ሴት ይቅር ትበለው። ነገ ወደዚህ አምጪው።»

«እምቢ ካሉኝስ?»

«እኔ ወደ ጣራው መውጣት አልችልም፣ ልጄ። አምጪው።»

ቅዳሜ፣ ከዴር ሡልጣን እስከ ኢትዮጵያ ጎዳና

ጎሕ ሲቀድ ጣራው ላይ ነበርሁ። አባ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የነፍስ አባታቸው እንደሚያውቁ ነገርኋቸው፤ ፊታቸው ዓመድ መሰለ።

«አልሄድም። ምን ዓይን አለኝ?»

«እናቴ በወንበር ተሸክመዋት ስልኩ ዘንድ ትመጣለች። በሽተኛዋ እየመጣች እርስዎ በእግርዎ ያቅትዎታል?»

ተነሡ። መቋሚያቸውን ፈልጌ ሰጠኋቸው።

መንገዱን ግን አላሰብሁትም። ዕለቱ ከጌታ መቃብር ብርሃን የሚወጣበት ቅዳሜ ነው፤ ጎዳናው ሁሉ ጧፍ በያዘ ሕዝብ ተሞልቷል። ግሪኩ፣ ዓረቡ፣ አርመኑ፣ ግብፁ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እኛ ሁለታችን ወደ ውጭ። ፖሊሶች መተላለፊያውን በብረት አጥር ዘግተውታል። በእጄ፣ በአማርኛ፣ ባለኝ እንግሊዝኛ ሁሉ ለመንሁ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ በሌላ በኩል ዙሩ ማለቱ ነው። ዞርን። እዚያም ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሕዝቡ ሲገፋን አባ ከግድግዳው ጋር ተጣበቁ፣ መቋሚያቸው ወደቀ፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሰማሁ። እዚህ ከሞቱብኝ ሁለት ሰው ገደልሁ ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። በትከሻዬ ከፍቼ፣ እጅጌያቸውን ይዤ ጎተትኋቸው። የማውቃቸውን መላእክት ሁሉ እየጠራሁ በደማስቆ በር ወጣን። ሦስት ሰዓት አልፏል። ዳገቱን ለመውጣት በየአጥሩ ጥግ አረፉ። እኔ በየዕረፍቱ ሰዓቴን አያለሁ።

ስንደርስ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የነፍስ አባት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ላይ መስቀል። እማሆይ ስልኩን ይዘው «ሄሎ፣ አትዝጉ፣ አትዝጉ» ይላሉ። ተቀብዬ ለአባ ሰጠሁና ጆሮዬን ከጎኑ አስጠጋሁ።

የእናቴ ትንፋሽ መጀመሪያ መጣ። ከዚያ ድምፅዋ።

«ቄስ አዳሙ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ የሻረግ።»

«ድምፅዎ አርጅቷል።»

«አርጅቷል።» ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «የሻረግ፣ ያልነገርሁሽ አለ። በሌሊት ወርጄ የገበርሁ እኔ ነኝ። አንቺን ገዝቼ እኔ ገበርሁ።»

«አውቃለሁ።»

አባ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ የነገርኋት መስሏቸው ነው። አልነገርኋትም።

«አገሩ ሁሉ ያውቃል» አለች እናቴ፣ በየቃሉ እያረፈች። «አውሮፕላኑ ለምን የቆመ መስሎዎት ኖሯል? በዚያ ማንም አልተቀየመዎትም። እኔም በገበሩት አይደለም የተቀየምሁት። ሳይፈቱኝ በመሄድዎ ነው።»

አባ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተው መሬት ተቀመጡ። የስልኩ ገመድ ተወጠረ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። «ይቅር በይኝ። ፍቺኝ» አሉ። ካህን ለምእመን ሲል ሰምቼ አላውቅም።

በመሐሉ የአቶ ባዩ ቤት ዶሮ ጮኸ፤ ከጎጃም እስከ ኢየሩሳሌም ሰማሁት።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ» አለች።

የነፍስ አባት ተነሡ፤ መስቀሉን በአባ ራስ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ፣ አሳለሟቸውም። ከዚያ መስቀሉን በእጃቸው አስያዟቸው። አባ መስቀሉን ወደ ስልኩ አቅርበው «አንቺ ወለተ ገብርኤል» አሉ፤ የእናቴን የክርስትና ስም አልረሱትም። መስመሩ ተቆረጠ።

እኔ ጩኸቱን ሰማሁ፣ ያንን ረዥም የተቆረጠ ስልክ ጩኸት። የትኛው ቃል ላይ እንደተቆረጠ እግዜር ይወቅ። አባ አላወቁም፤ ወይም አውቀው አላቆሙም። ለተዘጋ ስልክ «ከአፌ ከወጣው ግዝት እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው እስከ መጨረሻው ደገሙት።

ደግመን ደወልን። ደግመን ደወልን። ኦፕሬተሯ ደብረ ማርቆስ መስመር የለም አለች።

«ቃሉ ተነግሯል። ሰምተሻል። ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ የነፍስ አባት።

እሑድ፣ ፋሲካ

አባ ገብረ ማርያም ዛሬ ቀደሱ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከጎኔ ቆመው «ይኸ ድምፅ ውሃ ሲቀዳ ኖረ» እያሉ አለቀሱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የማስበው እናቴ እንደ እሳቸው ተፈትታለች ወይስ እሳቸውን ፈትታ እሷ ታስራ ቀረች የሚለውን ነው። ስልኩ በዓሉን ሙሉ አልሠራም።

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

አውቶቡሱ በንጋት ተነሣ። አባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ደጀን ላይ ሹፌሩ ለምሳ አቆመ፤ ጾም ተፈትቷልና ሰው ሁሉ ጥብስ ላይ ተጣደ።

«እህቴ፣ አትበይም? የሁለት ወር ጾም ፈትተሽ?» አለኝ ሹፌሩ።

«ቤቴ ደርሼ» አልሁት። እባክህ ቶሎ በል ማለት ፈልጌ አፈርሁ።

ማርቆስ አመሻሽ ላይ ገባን። የእኛ ሰፈር ቅያስ ላይ ስታጠፍ ድንኳን አየሁ። ነጭ ድንኳን፣ መንገዱን የዘጋ፣ ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ሻንጣዬ ከእጄ ወደቀ። እሪ ለማለት አፌን ስከፍት ከድንኳኑ ውስጥ ከበሮ ተመታና እልልታ ቀለጠ። ለካ የጎረቤት ሠርግ ነው፤ ፋሲካ ካለፈ የሠርግ ወር መሆኑንም ረስቼ ኖሯል። ሻንጣዬን አንሥቼ በሙሽሮቹ መሐል ሮጥሁ ማለት ይቻላል።

ስሜነህ በሩን ከፈተ። እናቴ በትራስ ተደግፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ዓይኗ ብቻ ነው ያልከሳው። እግሯን ልስም ጎንበስ ስል በእጇ አቆመችኝ።

«አሉ?»

«ስልኩ ከተቆረጠ በኋላ ነው፣ እማዬ። ግን አሉ። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«በክርስትና ስሜ?»

«ወለተ ገብርኤል ብለው።»

ራሷን ትራሱ ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የምትጸልይ መሰለኝ። ስሜነህ ነጠላውን ዓይኑ ላይ አደረገ። እኔም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ከቆይታ በኋላ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«አለቀሱ?»

«አለቀሱ።»

«ብዙ?»

«መሬት ተቀምጠው ነው ያለቀሱት።»

«እሰይ» አለች እናቴ። ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት ፈካ።

ከዚያ ፈገግታዋን እንደያዘች ቀስ ብላ አማተበች፤ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ስሜነህ፣ ቄሱን ጥራልኝ። አሁን የምናዘዘው ኃጢአት አገኘሁ።»